ቺዝ፣ ሳይደር ወይስ ኤል? ከትንንሽ የብሪታኒያ አምራቾች ስትገዙ የቱን ትመርጣላችሁ

በ2024 ኦክቶበር ለንደን ውስጥ አንድ ለየት ያለ የስርቆት ወሬ ተሰማ። የተሰረቀው ወርቅ አልነበረም። 22 ቶን ቺዝ ነው። ኒልስ ያርድ ዴይሪ የተባለው የታወቀ የቺዝ ነጋዴ፣ የፈረንሳይ ትልቅ መደብር አቅራቢ ነኝ ላለው ሰው 950 ያህል ሙሉ ቼዳር አስረከበ። ዋጋው ወደ 300,000 ፓውንድ ይጠጋል። ሰውዬው ሳይከፍል ተሰወረ። ነጋዴው ግን ለሦስቱ አምራቾች ሂሳባቸውን ከራሱ ኪስ ከፈለ።

ሌባው ምርጫ ያውቃል። የወሰደው በጨርቅ ተጠቅልሎ ለወራት መደርደሪያ ላይ የቆየውን የእርሻ ቼዳር ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ በፕላስቲክ ታሽጎ ለተደረደረው እንዲህ የሚደክም ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህን የምጽፈው ብሪታኒያ ለምትኖሩ ወይም ለጉብኝት ለምትመጡ ነው። የአገሬውን ምግብና መጠጥ ከትንሽ አምራች ልግዛ ስትሉ የቱን ትያዙ፣ የቱን ትተዉ? እኛ ደግሞ የራሳችን ጥያቄዎች አሉን። አሳማ ነክቶታል ወይ? ለጾም ይሆናል ወይ? ለዘመድ ይዤው ልሂድ ወይ? ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

መጀመሪያ ሠሪውን ፈልጉ

ማሸጊያ ላይ የተሳለ ላምና አጥር ምንም አያረጋግጥም። በ2016 ቴስኮ የተባለው ሱፐርማርኬት ሮዝዲን ፋርምስ፣ ዊሎው ፋርምስ የሚሉ ስሞች የያዙ ምርቶች አወጣ። ዕቃው ግን በዚያ ስም ከሚጠራ እርሻ የመጣ አልነበረም። ስሙ ለገበያ ተብሎ የተፈጠረ ነው።

መጠጥ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ታሪኩ እውነት ነው፣ ባለቤቱ ግን ተቀይሯል። የሰፎኩ አስፖል ሳይደር (ሳይደር ከአፕል የሚሠራ የአልኮል መጠጥ ነው) ከ1728 ጀምሮ ያለ ነው። ከ2018 ወዲህ ግን ሞልሰን ኩርስ የተባለው ትልቅ የቢራ ኩባንያ ንብረት ሆኗል። የለንደኑ ፉለርስ የቢራ ፋብሪካውን በ2019 ለጃፓኑ አሳሂ ሸጠ። ካምደን ታውን የተባለውን የለንደን ቢራ ጠማቂ ደግሞ በ2015 የዓለማችን ትልቁ የቢራ ኩባንያ ገዛው። መጠጡ ተበላሸ ማለቴ አይደለም። ገንዘባችሁ ትንሹ አምራች ጋ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ግን የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ። የሠሪው ስምና የእርሻው አድራሻ ካለበት ጥሩ ምልክት ነው። «ለእከሌ ኩባንያ የተመረተ» ብቻ የሚል ከሆነ ሠሪው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ክብ የመንግሥት ማኅተም ያለባቸው ምርቶችም አሉ። ማኅተሙ የሚለው ይህ ምርት በዚህ አካባቢ፣ በዚህ ዘዴ ነው የተሠራው ነው። ስለ ቦታው ይመሰክራል፣ ስለ አምራቹ ትንሽነት ግን አይናገርም። አንዳንዴም ያስቃል። ስቲልተን የተባለውን ሰማያዊ ቺዝ መሥራት የሚፈቀደው በደርቢሸር፣ በሌስተርሸርና በኖቲንግሃምሸር ብቻ ነው። ስሙን ያገኘባት የስቲልተን መንደር ካምብሪጅሸር ውስጥ ስለሆነች በገዛ ስሟ ቺዝ መሥራት አትችልም።

ቺዝ፦ ብዙውን ገንዘብ እዚህ አውጡ

አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል ቺዝ ግዙ እላለሁ። በትንሹና በትልቁ አምራች መካከል ያለው ልዩነት እንደዚህ አፍ ላይ የሚታወቅበት ሌላ ነገር የለም።

ከቼዳር እንጀምር። ቼዳር ሶመርሴት ውስጥ ያለች መንደር ናት፣ ስሙ ግን ጥበቃ የለውም። ኒውዚላንድም ካናዳም ቼዳር ይሠራሉ። ጥበቃ ያለው «ዌስት ካንትሪ ፋርምሃውስ ቼዳር» የሚለው ረጅሙ ስም ነው። እሱ ከሶመርሴት፣ ከዴቨን፣ ከዶርሴት ወይም ከኮርንዎል ወተት እዚያው ይሠራል። የረጋው ወተት ተቆራርጦ በእጅ ይደራረባል፣ ይገለበጣል፣ ውኃው ይወጣል። ከዚያ ቢያንስ 9 ወር ይቆያል።

ከዚህም ከፍ ያለ ደረጃ አለ። ሶመርሴት ውስጥ ባልፈላ ወተት የሚሠሩ፣ ቺዛቸውን በጨርቅ የሚጠቀልሉ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። ሞንትጎመሪ፣ ኪንስና ዌስትኮምብ በብዛት የምታገኟቸው ናቸው። ጨርቁ አየር ስለሚያሳልፍ ቺዙ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ ጣዕሙም ይጠነክራል። ሞንትጎመሪ ደረቅና ጠለቅ ያለ ነው፣ የሥጋ መረቅ የሚያስታውስ ነገር አለው። ኪንስ ምላስ ይቆነጥጣል። ዌስትኮምብ ለስለስ ይላል፣ ጣዕሙ ግን አፍ ውስጥ ይቆያል። ለጀማሪ ዌስትኮምብ፣ ሞቅ ያለ ጣዕም ለሚወድ ኪንስ። እኔ ብዙ ጊዜ ኪንስን ነው የምይዘው።

አሁን ማንም ሻጭ ሳትጠይቁት የማይነግራችሁ ነገር። በጨርቅ የሚጠቀለል ቼዳር ላይ ጨርቁ የሚጣበቀው በብዙዎቹ አምራቾች ዘንድ በአሳማ ሞራ ነው። ሞራው ውጭ ነው ያለው፣ ቅርፊቱም ይቆረጣል። ለብዙዎቻችን ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል፣ ክርስቲያንም ሆንን ሙስሊም። ስለዚህ ጠይቁ። ጥሩ ሱቅ ያውቀዋል፣ ጥያቄውም አይገርመውም። በቅቤ የሚሠሩም አሉ። ከላንካሸር የሚመጣው ሚስስ ከርካምስ አንዱ ነው። ጨርቁ የሚቀባው ቅቤ ነው። ቺዙ የተለያየ ቀን የረጋ ወተት ተቀላቅሎ ስለሚሠራ ፍርክስክስ ይላል፣ ግን አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ላንካሸሮች ኤክልስ ኬክ ከሚባል በዘቢብ የተሞላ ጣፋጭ ጋር ይበሉታል። ለሐበሻ ቤት አንድ ቺዝ ምረጥ ብባል ይሄ ነው።

ሌላው ሬኔት ነው። ወተቱን የሚያረጋው ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ነገር ማለት ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ባሕላዊ ቺዞች በእሱ ነው የሚሠሩት። የአራጁ ጉዳይ የሚያሳስባችሁ ወይም ከእንስሳ የሚወጣ የማትፈልጉ ከሆነ «ቬጀቴሪያን ሬኔት» የሚል ፈልጉ። ከትንንሽ አምራቾችም ብዙ አለ።

በአይብ ላደገ ሰው ደግሞ ኬርፊሊ ጥሩ ጅማሮ ነው። መነሻው ዌልስ ነው፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ምሳ ነበር። እርጥብ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ጨው ያለው፣ ሲነኩት የሚፈረፈር። በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ ሞክሩት። ፈረንጆቹ እንዲህ አይበሉትም፣ የራሳቸው ጉዳይ።

ሰማያዊውን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። እናቶቻችን ቢያዩት «ሻግቷል» ብለው ይጥሉት ነበር። ግን ሞክሩት፣ ትንሽ ብቻ ግዙ። ኮልስተን ባሴት ከ1913 ጀምሮ በመንደሩ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በጋራ የያዙት ቤት ነው፣ ስቲልተኑ ለስላሳና ቅቤ ቅቤ የሚል። ስቲልተን ለመባል ወተቱ በፓስተር ዘዴ መፍላት አለበት። ስለዚህ በ2006 ኖቲንግሃምሸር ውስጥ ባልፈላ ወተት መሥራት የጀመሩ ሰዎች ቺዛቸውን ስቲቸልተን ብለው ሰየሙት። ማኅተም የለውም። ከብዙዎቹ ማኅተም ካላቸው ግን እመርጠዋለሁ።

እነዚህ ሠሪዎች እንዲህ ጥቂት የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ወተቱን ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት ጠንካራ የራሽን ቺዝ አዞረው። ራሽኑ እስከ 1954 ቆየ። ያን ጊዜ ያቆሙ ብዙ የገበሬ ቤቶች አልተመለሱም። በ1979 ኮቨንት ጋርደን የተከፈተው ያ የተዘረፈው ሱቅ ነው፣ የቀሩትን ፈልጎ ለከተማ ሰው ካስተዋወቁት አንዱ።

ዋጋው ይከብዳል። በኪሎ ከሱፐርማርኬቱ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በኪሎ አታስቡ፣ 150 ወይም 200 ግራም አስቆርጡ። ከመግዛታችሁ በፊት ቅመሱ። ማስቀመስ የሻጩ ሥራ ነው፣ ይሉኝታ አያስፈልግም። ቀምሳችሁ «አልወደድኩትም» ብትሉ ማንም አይቀየምም። ቤት ስትደርሱ በፕላስቲክ አታፍኑት፣ በመጣበት ወረቀት ይቆይ። ከመብላታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጡት። ቀዝቃዛ ቺዝ ጣዕሙን ይደብቃል፣ ለከፈላችሁት ገንዘብ ደግሞ ያሳዝናል።

ሳይደር ወይስ ፔሪ

ብሪታኒያ ውስጥ አንድ መጠጥ በቀረጥ ሕጉ ሳይደር ለመባል 35 በመቶ የአፕል ጭማቂ ይበቃዋል። የቀረው ውኃና ስኳር ሊሆን ይችላል። መጠጥ ቤት በበረዶ የሚቀርበው ጣፋጩ ሳይደር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ዓይነቱ ነው። ትንሹ ሠሪ መጸው ላይ አፕሉን ይጨምቃል፣ ጭማቂው የብርዱን ወራት በሙሉ አፕሉ ራሱ ይዞት በመጣው እርሾ ይፈላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ 100 በመቶ ጭማቂ።

ከዚያ የምዕራቡን ወይስ የምሥራቁን? ሶመርሴትና ሄሪፎርድሸር ለመብላት የማይሆን፣ አፍ የሚያጠብቅ አፕል ይጠቀማሉ። ኪንግስተን ብላክ፣ ዳቢኔት የሚሉ ስሞች ታያላችሁ። ሳይደሩ ጠቆር ያለ ነው፣ እንደ ወፍራም ሻይ ምላስ ይይዛል። ኬንትና ሰፎክ ደግሞ በሚበላውና በሚቀቀለው አፕል ነው የሚሠሩት። ቀላል፣ ጎምዛዛ፣ ወደ ነጭ ወይን የሚጠጋ።

ከዶሮ ወጥ ወይም ከአዋዜ ጥብስ ጋር ከሆነ ድራይ የሚባለውን፣ ጣፋጭነት የሌለውን የምዕራብ ሳይደር ተዉት። በርበሬውና መራራው ይጣላሉ። ሚዲየም ውሰዱ። ከቼዳር ጋር ግን ድራዩ ነው የሚሄደው፣ ሁለቱም የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው።

ፔሪ በፒር ፍሬ የሚሠራ ነው። ግሎስተርሸር፣ ሄሪፎርድሸርና ዉስተርሸር ነው አገሩ። ዛፎቹ እጅግ ረጅም ዕድሜ አላቸው፣ 300 ዓመት የሞላቸው ዛሬም ያፈራሉ። ፒር ውስጥ እርሾ የማይበላው የስኳር ዓይነት ስላለ ፔሪ ፈልቶ ካለቀ በኋላም ትንሽ ጣፋጭነት ይቀረዋል። ጠጅ የምትወዱ ከዚህ ጀምሩ። ኦሊቨርስና ሮስ ኦን ዋይ ሁለቱም ከሄሪፎርድሸር ናቸው፣ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ሁሉም ግን 6፣ 7 በመቶ አልኮል ይደርሳል፣ አንዳንዱም ያልፋል። ጁስ ጁስ ስላለ እንዳትሸወዱ።

ጃንዋሪ ላይ ሶመርሴት ብትሄዱ ዋሴል የሚባል ሥነ ሥርዓት ታያላችሁ። ሰዉ ማታ አፕል ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ይዘፍናል፣ ሳይደር ሥሩ ላይ ያፈሳል፣ ሳይደር የነካ ቶስት ቅርንጫፉ ላይ ያንጠለጥላል፣ ጠመንጃም ይተኩሳል። ብዙ ቦታ የሚደረገው በ17ኛው ቀን ነው። እንግሊዝ በ1752 አቆጣጠሯን ስትቀይር 11 ቀን ዘለለች፣ እነሱ ግን በአሮጌው ቀጠሉ። የእኛ ጥምቀት ከነሱ ጃንዋሪ 19 ጋር የሚገጥመውም በዚያው አሮጌ አቆጣጠር ምክንያት ነው። ከጥምቀት ሁለት ቀን ቀድሞ መሆኑን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

ጾምን በተመለከተ፣ ሙሉ ጭማቂ የሆነ ሳይደር አፕልና እርሾ ነው። አንዳንዱን ለማጥራት ጄላቲን ስለሚጨመርበት «ቪጋን» የሚለውን ፈልጉ። በጾም መጠጣት ይገባል አይገባም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ።

ኤል፦ እዚያው ጠጡት

ኤልን፣ የአገሬውን ባሕላዊ ቢራ፣ ወደ ቤት አትውሰዱት። በተለይ ካስክ ኤል የሚባለውን፣ በርሜሉ ውስጥ እርሾው ሕያው ሆኖ የሚመጣውን። ጋዝ አይጨመርበትም፣ በእጅ በሚሳብ ፓምፕ ነው የሚቀዳው። ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ላይ ይቀርባል። በረዶ የመሰለ ቢራ ለለመድን «ሞቋል» ያሰኛል። አልሞቀም፣ እንደዚያ ነው። በ1971 የተመሠረተው ካምራ የተባለው የጠጪዎች ማኅበር የተነሣው ይህን አቀራረብ ከመጥፋት ለማዳን ነው።

በርሜሉ ከተከፈተ ጥሩነቱ ሦስት ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ሰው የሚበዛበት ፐብ ምረጡ። የኮመጠጠ ከደረሳችሁ መልሱት፣ ያለ ክርክር ሊቀየር ይገባዋል። ከምሥራቅ ሰሴክስ፣ ከሉዊስ ከተማ፣ ከ1790 ጀምሮ ያለው ሃርቪስ አለ። ከዮርክሸር ኪዝሊ ደግሞ ከ1858 የሚጠምቀው ቲሞቲ ቴይለርስ። ሁለቱም ዛሬም የቤተሰብ ናቸው። ከሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የቴይለርሱን ላንድሎርድ። የአዲሶቹን ነጻ ጠማቂዎች ለመለየት «ኢንዲ ቢር» የሚለው ምልክት ይረዳል።

ለጾመኞች አንድ ነገር፦ ብዙ ካስክ ኤል የሚጠራው ከዓሣ ሆድ በሚወጣ ነገር ነው።

ፓስቲ፣ ፓይ፣ ዓሣ

የሜልተን ሞውብሬ ፓይ አሳማ ነው፣ እንለፈው። የኮርንዎል ፓስቲ ግን የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ስዊድ የሚባል ሥራ ሥር ነው፣ ጥሬው ተጠቅልሎ አብሮ የሚበስል። ከ2011 ጀምሮ ስሙ የተጠበቀ ነው። ኮርንዎል ውስጥ መዘጋጀት አለበት፣ ሥጋው ከ12.5 በመቶ፣ አትክልቱ ከ25 በመቶ ማነስ የለበትም። ጠርዙ በጎን ካልተጠመዘዘ ትክክለኛው አይደለም። ባቡር ጣቢያ ከሚሸጠው ይልቅ ጠዋት ከጋገረ ዳቦ ቤት ግዙ። ልዩነቱ ሊጡ ላይ ነው።

ሥጋ ካልፈለጋችሁ የስኮትላንዱ አርብሮዝ ስሞኪ አለ። ሃዶክ የተባለ ዓሣ ሁለት ሁለት እየታሰረ በእንጨት ጭስ ይበስላል፣ ስሙን ለመያዝም ከአርብሮዝ ከተማ 8 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሠራት አለበት። ለፍጹም ጾመኛ ደግሞ የስታፎርድሸር ኦትኬክ። በአጃ ዱቄትና በእርሾ ተቦክቶ ምጣድ ላይ የሚጋገር ለስላሳ ቂጣ ነው። አንዳንዱ ወተት ስላለበት ጠይቁ። ከሌለበት ሽሮ ያስበላል፣ ሞክሬዋለሁ።

የት ይገዛ

የገበሬዎች ገበያ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ የዘመናችን የመጀመሪያው በ1997 ባዝ ከተማ ተከፈተ፣ አሁን በየሰፈሩ አለ። የለንደን ፋርመርስ ማርኬትስ ገበያዎች ሻጩ ራሱ አምራች እንዲሆን፣ እርሻውም ለንደንን ከሚዞረው ኤም 25 መንገድ በ100 ማይል ውስጥ እንዲሆን ያስገድዳሉ። ስለ ሞራውም ስለ ሬኔቱም ሠሪውን ፊት ለፊት መጠየቅ ትችላላችሁ። የለንደኑ ቦሮ ማርኬት ያምራል፣ ግን የጣሊያንና የፈረንሳይ ዕቃም ሞልቶበታል፣ ቱሪስትም። ለቺዝ ሂዱ፣ በሳምንቱ መካከል፣ ጠዋት። ገጠር ያለው ፋርም ሾፕ መኪና ላለው ነው። እዚያ የሚሸጠው ሁሉ ግን የእርሻው አይደለም። «ከዚህ ውስጥ የእናንተው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጀምሩ።

ለዘመድ ምን ይወሰድ

ጀርመን፣ ስዊድን ወይም ጣሊያን ላለ ዘመድ ቺዝ ይዛችሁ አትሂዱ። ከ2021 ጀምሮ ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የወተትና የሥጋ ውጤት በግል ሻንጣ ማስገባት ተከልክሏል። ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል። ሕጉ ሊለወጥ ስለሚችል ከመነሣታችሁ በፊት አጣሩ።

ማርማሌድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያን መራራውን የብርቱካን ማርማላታ። ጃንዋሪ ላይ ከስፔን ሴቪል በሚገባ ኮምጣጣ ብርቱካን ነው የሚቀቀለው። ስለዚህ ከፌብሯሪ በኋላ ገበያ ላይ የምታገኙት አዲሱ ነው። ወፍራም ልጣጭ ያለው ለሚወድ፣ ስስ ልጣጩ ለልጆች። ጾም ነው፣ አይበላሽም። አዲስ አበባ ለሚሄድ የእንግሊዝ ማር ግን አልመክርም። ለማን ነው ማር የምትወስዱት? ማርማሌዱን በእጅ ሻንጣ አትያዙት፣ ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። ካልሲ ውስጥ ጠቅልላችሁ ከሚጫነው ሻንጣ መሀል ክተቱት።